የሰፈር ቤተ ክርስቲያን እንዴት ነው ካቴድራል የሚሆነው?

የቧንቧ ውሃዋ፣ ደሴ (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች? እንዴት ከረማችሁ? አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

እህቴ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ነው የምትኖረው። ሰሞኑን «የከተማችን ካቴድራል» ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ቅዱስ ፊሊጶስ ይባላል አለች። አየሁት፣ መልሼ አየሁት። ኧረ እናንተዬ፣ ትንሽ ነው! ዙሪያው ሣር ነው፤ ሣሩ ላይ የቢሮ ሰው ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። እዚህ ደሴ ተራ አጥቢያ የምንላቸው ይበልጡታል። «ይሄማ የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ነው» አልኳት። «ድሮ የሰፈር ነበር፣ በኋላ ነው ካቴድራል ያደረጉት» አለችኝ። እንዴት እንዳደረጉት ግን እሷም አታውቅም።

ለኔ ካቴድራል ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው አዲስ አበባ ያለው ቅድስት ሥላሴ ነው። ግርማ ያለው፣ ንጉሥ ያረፈበት።

ነገሩ ሰፈራችንም ገብቷል። አጥቢያችን አዲስ ሕንፃ እያሠራ ነው። በጽዋ ማኅበራችን ግማሹ «ሲያልቅ ካቴድራል ይባልልን ብለን እንጠይቅ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ስሙ የት ይሄዳል፣ መጀመሪያ ጣሪያው ይለቅ» ባይ ነው። እኔ መሃል ቆሜ ጠላ እቀዳለሁ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ማነው የሚወስነው? ምን ሲሆን ነው የሚወሰነው? ምእመኑስ ሰፈሩን ይነጠቃል? ደግሞ ወሎ ራሱ አንድ ሀገረ ስብከት የነበረው ሲከፋፈል እኛ ጋ ምን ሆነ?

አቡሽ ከፒያሳ

ቀላል እኮ ነው። ሕንፃው ትልቅ ከሆነ ካቴድራል፣ ትንሽ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን። የበርሚንግሃሙ ግን እኔንም ሸውዶኛል፣ ሃሃ።

ጡረተኛው መምህር፣ ወልድያ

አቡሽ ልጄ፣ በመጠን ቢሆን ኖሮ ላሊበላ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ የማንም መጫወቻ ይሆን ነበር።

የቧንቧ ውሃዋ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ነው የፈጀሁት። ጎን ለጎን በአንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፉም ከደረሰኙም በኩል አይቼዋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢ።

ጳጳስ የሚቀመጥበት መንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ነው ካቴድራል። መንበሩ ከሌለ የጦሳን ተራራ ቢያህልም አይደለም። መንበሩ ካለ ደግሞ እህትሽ ፎቶ ያነሣችውን ቢያህልም ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ካርታው ነው፤ ሕንፃው እዚያው እንደቆመ ይቀራል። አንድ ሀገረ ስብከት ለሁለት ሲቆረጥ አዲሱ ቁራጭ ጳጳስ ይሾምለታል። ጳጳሱ ደግሞ ሜዳ ላይ አይቀመጥም። በአካባቢው ካሉት አንዱ አጥቢያ ይመረጥለታል። ያ አጥቢያ በዚያ ቀን ካቴድራል ይሆናል፤ አንድ ድንጋይ ሳይጨመርበት።

እንግሊዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደቆረጡት። ዓመቱን በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ድሮ አህጉረ ስብከቱ ጥቂትና ሰፋፊ ነበሩ። የሊንከን ጳጳስ ግዛት ከሀምበር እስከ ቴምዝ ወንዝ ይደርስ ነበር። ሄንሪ 8ኛ ከሮም ጋር ተጣልቶ ገዳማቱን ሲዘጋ የጥቂቶቹን ሕንፃ ለጳጳስ ሰጠው። ቼስተር፣ ግሎስተርና ፒተርቦሮ በ1541 በዚህ መንገድ ነው ካቴድራል የሆኑት። መነኮሳቱ ወጡ፣ ጳጳሱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ካርታውን የነካው የለም ማለት ይቻላል።

ኋላ ፋብሪካ መጣ። ማንቸስተር በጥጥ አበጠ። ሰዉ ከገጠር እየነቀለ ከተማ ገባ። ጳጳሳቸው ግን አሁንም ቼስተር ነው ያለው። በዚያ ጊዜ መንገድ ያ ቀላል ርቀት አልነበረም። ስለዚህ በ1836 ሪፐን፣ በ1847 ደግሞ ማንቸስተር የራሳቸው ሀገረ ስብከት ሆኑ። ማንቸስተር ውስጥ አዲስ ነገር አልሠሩም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተደራጀውን የከተማውን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወስደው መንበሩን አስገቡበት።

የማንቸስተሩ ክርክር ሁሌ ያስቀኛል። እዚያ አገር ጳጳሳት በጌቶች ምክር ቤት፣ ማለትም በፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት፣ ወንበር አላቸው። እና ጳጳስ በተጨመረ ቁጥር ምክር ቤቱም ወንበር ሊጨምር ነው? ፖለቲከኞቹ አልወደዱትም። በመጨረሻ በሕግ ቆረጡት፦ ጳጳሳት የፈለጉትን ያህል ይብዙ፣ ምክር ቤት የሚገቡት 26 ብቻ። ዛሬም 26 ናቸው። «ቤተ ክህነትና መንግሥት የሚነካካው እኛ ጋ ብቻ ነው» ለምትሉ፣ እዚያም ቤት እሳት አለ።

ወደ በርሚንግሃም ልመለስ። ቅዱስ ፊሊጶስ በ1715 የተቀደሰው እንደ አዲስ አጥቢያ ነው። ከተማው አድጎ አሮጌው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ስለጠበበ ከላዩ ላይ ተቆርጦ የወጣ ነው። በርሚንግሃም ከተማ የተባለችው በ1889 ነው። የራሷን ጳጳስ ያገኘችው ግን በ1905 ነው፤ እስከዚያ በአብዛኛው በዉስተር ሥር ነበረች። አየሽ? ከአጥቢያ የተቆረጠ አጥቢያ፣ ከሀገረ ስብከት ለተቆረጠ ሀገረ ስብከት ካቴድራል ሆነ። ትንሽነቱ ከዚህ የመጣ ነው። ሲሠራ ማንም ጳጳስ አላሰበም። መስኮቶቹን ግን እህትሽ ጠጋ ብላ ትያቸው፤ በርን-ጆንስ የሚባለው የዚያው ከተማ ተወላጅ ሠዓሊ የነደፋቸው ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ቀድመው አውልቀው ሸሸጓቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1940 በቦምብ ሲመታ መስታወቶቹ ተረፉ።

ኒውካስል፣ ዌክፊልድ፣ ሼፊልድ፣ ቼልምስፎርድ፣ ደርቢ፣ ሌስተር… ሁሉም ያው ታሪክ ነው። አልዘረዝረውም።

የኛን አገር በሚቀጥለው እመለስበታለሁ፤ መብራት ሳይሄድ ይሄን ልላክ።

የመርሳ ልጅ፣ ከሊድስ

መምህር ሰላም ነዎት? ወልድያ ነዎት አሉ፤ የኔ አገር ልጅ ነዎት ማለት ነው። አብሽሩ።

እኔ የምኖርበት አካባቢ ነገሩ ተገልብጧል። እስካሁን የተወራው ስለመቁረጥ ነው። እዚህ ደግሞ መልሰው ሰፉት። በ2014 የብራድፎርድን፣ የዌክፊልድን እና «ሪፐንና ሊድስ» የሚባለውን፣ ሦስት አህጉረ ስብከት አፍርሰው አንድ አደረጓቸው። ስሙ የሊድስ ሀገረ ስብከት ሆነ። ታዲያ ካቴድራሎቹስ? ሦስቱንም ተዉአቸው። አንድ ጳጳስ፣ ሦስት እኩል ካቴድራል። የሚገርመው ደግሞ ሊድስ ከተማ ውስጥ አንድም የአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) ካቴድራል የለም። ስሙን ሰጠች፣ መንበሩ ግን ሌሎቹ ከተሞች ቀረ። የካቶሊኮቹ ካቴድራል ግን እዚሁ መሃል ከተማ አለ።

ዌክፊልድ ሄጄ አይቻለሁ። በ1888 ነው አጥቢያው ካቴድራል የሆነው። ማማው 75 ሜትር ነው፤ በዮርክሻየር የሱን ያህል የረዘመ የለም ይላሉ። ግን ገበያ መሃል ነው። አሮጊቶቹ ዘምቢላቸውን ይዘው ገብተው አረፍ ይላሉ። ሰፈሩ እንደ ሰፈሩ ነው።

ጠያቂዋ «ምእመኑ ይነጠቃል ወይ» ላልሽው፣ አይነጠቅም። የአጥቢያነቱ ሥራ ይቀጥላል። የሰፈሩ ሰው እዚያው ይጋባል፣ ልጁን እዚያው ያስጠምቃል። ዋናው ለውጥ የአለቃው ነው። እንደዚህ ከአጥቢያ ያደጉት ካቴድራሎች አለቃ «ፕሮቮስት» ይባል ነበር። የጥንቶቹ «ዲን» ናቸው። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ ነው ሁሉም ዲን የተባለው። እስከዚያ ድረስ ስማቸው አዲስ መጤ መሆናቸውን ይነግርባቸው ነበር። ያው ነጭም ማዕረግ ይወዳል።

የሐርቡው ነጋዴ

አሰላሙ አለይኩም ወገኖች። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ወሬው ጣፈጠኝና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እናቴ በኩል ያሉት ዘመዶቼ ክርስቲያን ናቸው፣ ወሎ ነዋ።

እንደገባኝ እኛ ጋ የሰፈር መስጊድና ጁምዓ የሚሰገድበት ትልቁ መስጊድ እንዳለው ዓይነት ነው፣ አይደል መምህር?

ሌላው የነጋዴ ጥያቄ ነው። ይሄን ሁሉ ማነው የሚከፍለው? ጳጳስ ሲመጣ ቤት ይፈልጋል፣ ቢሮ ይፈልጋል፣ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ጡረተኛው መምህር፣ ወልድያ

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። የመርሳው ልጅም ሰላምህን ተቀብያለሁ፤ አገርህ ደህና ነው፣ ሐብሩ ማሽላው ጥሩ ይዟል አሉ።

የጁምዓው ነገር ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ጁምዓ መስጊድ ሰው በመብዛቱ ነው ትልቅ የሚሆነው፤ አንድ ከተማ ውስጥም ብዙ ሊኖር ይችላል። ካቴድራል ግን ከአንድ ሰው ጋር ነው የተሳሰረው። ክህነት የሚሰጠው፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚባርከው፣ ቀሳውስቱን የሚያዛቸው ያ ሰው ነው።

የገንዘቡ ጥያቄ ትልቁ ጥያቄ ነው። ትሩሮ የሚባል ከተማ አለ፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል። በ1876 ከኤክሰተር ተቆርጦ ጳጳስ ተፈቀደለት። የተቻለው አንዲት ባለጸጋ እመቤት 40,000 ፓውንድ ስለሰጡ ነው። ካቴድራል እንዲሆን የተመረጠው የቅድስት ማርያም አጥቢያ ነበር። ጳጳሱ ቤንሰን ግን አዲስ እንሥራ አሉ። አሮጌው አብዛኛው ፈረሰ። ሥራው እስኪያልቅ ጳጳሱ በእንጨት በተሠራ ዳስ መሰል ቤት አስቀደሱ። ግንባታው በ1880 ተጀምሮ በ1910 ነው የተጠናቀቀው። የምወደው ነገር ግን ይሄ ነው፦ የአሮጌውን አጥቢያ ደቡባዊ ክንፍ አላፈረሱትም። በካቴድራሉ ጎን አስገብተው ሰፉት። ዛሬም ያ ክንፍ የሰፈሩ አጥቢያ ሆኖ ያገለግላል። ካቴድራል ውስጥ ሰፈር አለ።

ሊቨርፑልም ያው ነው። በ1880 ጳጳስ አገኘች። የቅዱስ ጴጥሮስን አጥቢያ ለጊዜው ካቴድራል አደረጉት። አዲሱ በ1904 ተጀመረና በ1978 አለቀ። 74 ዓመት! የጀመሩት ሰዎች የልጅ ልጆችም አርጅተው ነበር። ስለዚህ ብዙ ከተሞች ያለውን አጥቢያ መውሰድ የመረጡት በትሕትና ብቻ አይምሰላችሁ፤ ኪስም አለበት።

አሁን ወደ ቤታችን።

እኛ ጋ ነገሩ ከሥሩ ይለያል። ለምን? ለረጅም ዘመን ካርታው አልነበረንማ። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ኢትዮጵያ ከግብፅ የሚላክ አቡን ነው የነበራት፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ። አንድ ጳጳስ ላገር ሙሉ። ሀገረ ስብከት ከሌለ የሀገረ ስብከት ካቴድራልም የለም። አቡኑ ሲሞት ደግሞ ከእስክንድርያ ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር። የቦሩ ሜዳን ጉባኤ አስቡት። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ከደሴ ወጣ ብሎ። አፄ ዮሐንስና ምኒልክ የተገኙበት፣ የሃይማኖት ክርክር የተቆረጠበት ጉባኤ ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ ውስጥ አቡን አልነበረም። አቡነ አትናቴዎስ ካረፉ ቆይተዋል። ተተኪዎቹ አራቱ ጳጳሳት የመጡት ከጉባኤው በኋላ ነው።

ዲያቆን መሆን የሚፈልግ የወሎ ልጅ ምን ያደርግ ነበር? አቡኑ ያሉበት ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ጎንደር ከሆኑ ጎንደር። ስንቅ ቋጥሮ፣ ወንዝ ተሻግሮ።

ታዲያ ያለ ጳጳስ ትልልቅ ቤተ ክርስቲያኖች አልነበሩንም? ነበሩን እንጂ! ወሎ ራሱ ምስክር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ውሰዱ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ትምህርት የዘረጉበት ነው። አለቃው «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ቤተ መንግሥት ድረስ የሚፈራ ነበር። ግሸን ደብረ ከርቤ አለች፤ መስከረም 21 ስንቱ ነው የሚጎርፈው። ላሊበላ አለ። አንዳቸውም ታላቅ ለመሆን የጳጳስ መንበር አላስፈለጋቸውም። የኛ መሰላል ሌላ ነበር፤ ገጠር፣ ደብር፣ ገዳም። ክብሩ የሚመጣው ከታቦቱ፣ ከመምህራኑ፣ ከነገሥታቱ ስጦታ ነው።

ካርታው መሳል የጀመረው በ1921 ዓ.ም. ነው። አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ካይሮ ላይ ጵጵስና ተሾሙ። አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ይስሐቅ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ። ለወሎ የተመደቡት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው፤ መቀመጫቸው ደሴ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጣሊያን የረሸናቸው እሳቸው ናቸው። ሐውልታቸውን ሁሉም ያውቃል። የኛ ጳጳስ እንደነበሩ ግን ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ሲነገረው ይደነግጣል። ይሄ ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው።

በ1951 ዓ.ም. የራሳችን ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስ፣ ተሾሙ። ከዚያ ጳጳሳቱ እየበዙ ሄዱ። አህጉረ ስብከቱ የመንግሥቱን ጠቅላይ ግዛት ተከትለው ነበር የተሰመሩት። ወሎ አንድ ጠቅላይ ግዛት ስለነበር አንድ ሀገረ ስብከት ነው። ከደርግ መጨረሻ ጀምሮ ግን አስተዳደሩ ሰሜንና ደቡብ ወሎ እየተባለ ተቆረሰ፣ በኋላም ዋግ ለብቻው ዞን ሆነ። ቤተ ክህነቱም ተከተለ። ዛሬ የደቡብ ወሎ መንበር ደሴ ነው፣ የሰሜን ወሎ ወልድያ፣ የዋግ ኽምራ ሰቆጣ። ማንቸስተርን ከቼስተር የቆረጠው ፋብሪካው ነው፤ ወልድያን ከደሴ የቆረጠው የዞን ድንበር ነው። ጥቅሙ ግን አንድ ነው፤ የቆቦ ቄስ ለፊርማ ደሴ ድረስ አይመላለስም።

የኮምቦልቻዋ

መምህር እጅዎ ይባረክ። እኔ ካቶሊክ ነኝ። ቁጥራችን ወሎ ውስጥ ትንሽ ነው፤ ግን የኛም ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል።

በ2015 እ.ኤ.አ. ቫቲካን ከአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ ግዛት ቆርጦ አዲስ ሀገረ ስብከት አቋቋመ። ስሙ «ባሕር ዳር - ደሴ» ነው። ስሙ ሁለት ከተማ ይዟል፣ የጳጳሱ መቀመጫ ግን ባሕር ዳር ነው። ደሴ በስሙ አለች፣ መንበሩ የለም። የሊድሱ ወንድማችን እንዳለው ዓይነት ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ2003 እ.ኤ.አ. እምድብር እንዲሁ ከአዲስ አበባ ተቆርጦ ነበር፤ የቅዱስ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ነው እዚያ ካቴድራሉ።

እኛ ጋ የሚወስነው ፓፓው ነው። አዲሱ ሀገረ ስብከት ሲታወጅ የቱ ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል እንደሚሆንም አብሮ ይወሰናል። ሰፈሩ አይጠየቅም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን የአጥቢያህ ቄስ «ከእንግዲህ ካቴድራል ነን» ይሉሃል፤ አንተም ሥዕላቱን አራግፈህ ወለሉን ትወለውላለህ።

የቧንቧ ውሃዋ፣ ደሴ

ኧረ ዘንቢል ሙሉ ነው የሰጣችሁኝ! መምህር ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የአቡነ ጴጥሮሱን እኔም አላውቅም ነበር፤ ጽዋችን ላይ እናገረዋለሁ።

ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ካቴድራል የሚባል አንድ ብቻ አይደለም እኮ። አራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው፣ ቦሌ መድኃኔዓለምም ካቴድራል ነው። ጳጳሱ ስንት ቦታ ነው የሚቀመጠው? ሁለተኛው፣ አንዴ ካቴድራል የሆነ ይነጠቃል ወይ?

ጡረተኛው መምህር፣ ወልድያ

ጥሩ ቦታ ያዝሽኝ።

እኛ ጋ ካቴድራል የሚለው ስም ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ የእንግሊዙ ዓይነት ነው፣ የጳጳስ መንበር። ሁለተኛው የማዕረግ ነው፤ ለታላቅ፣ ለታሪካዊ ወይም በአገልግሎት ለበዛ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ክብር። አራዳ ጊዮርጊስ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ነው፤ ማን ይከለክለዋል? ቅድስት ሥላሴም የታወቀ ነው፤ አለቃው «ሊቀ ሥልጣናት» የሚባል የራሱ ማዕረግ አለው። ስለዚህ «አንድ ሀገረ ስብከት፣ አንድ ካቴድራል» የሚለውን ሒሳብ ይዘሽ አዲስ አበባ ከሄድሽ ትደናገሪያለሽ።

እኔ በዚህ ላይ አቋም አለኝ፤ አትቀየሙኝ። ካርታ ሲለወጥ የሚመጣው ካቴድራልነት ሥራ ይዞ ነው የሚመጣው። ጳጳሱ ይመጣሉ፣ ክህነት እዚያ ይሰጣል፣ ከየወረዳው ሰው ይጎርፋል። በማዕረግ ብቻ የሚመጣው ግን ቀድሞ ወጪ ነው የሚያመጣው። ገንዘብ ያዥ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። ቅዳሴ ለመቀደስ ሲያንስ አምስት ልዑካን ይበቃሉ። ማዕረጉ ከፍ ሲል ግን አለቃው መልአከ ምንትስ ይሆናል፣ ጸሐፊ ይጨመራል፣ መዘምራን፣ መሪጌታ፣ ጥበቃ። ሁሉም ደመወዝተኛ ነው። የሰበካ ጉባኤው ሙዳየ ምጽዋት ግን ያው ነው። የኔ ዘመን አንድ አጥቢያ ማኅተሙን በአዲሱ ስም አሠርቶ የዲያቆናቱን ሦስት ወር ሳይከፍል ቀርቷል። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹ አሁንም ሰላም ይሉኛል።

ለጽዋ ማኅበርሽ እንግዲህ ይሄን በያቸው። አዲስ ሀገረ ስብከት ማቋቋምና ጳጳስ መመደብ የቅዱስ ሲኖዶስ ነው፤ በጥቅምትና በግንቦት በሚደረጉት ጉባኤዎች። እሱ በአጥቢያ ልመና አይደረስበትም። ማዕረግ ለመጠየቅ ግን መንገዱ ከታች ነው። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ በቃለ ጉባኤ ይዞ፣ በወረዳው ቤተ ክህነት በኩል ለሀገረ ስብከቱ ያቀርባል። ከደብዳቤው ጋር ግን የሚያያዝ ነገር ያዘጋጁ። ስንት አገልጋይ አለ፣ ስንት ምእመን ተመዝግቦ አስተዋጽኦ ይከፍላል፣ አብነት ትምህርት ቤት አለ ወይ፣ ሕንፃው ዕዳ አለበት ወይ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ከጣሪያ ባዮቹ ጋ ነኝ።

ይነጠቃል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ በደንብ ይነጠቃል። ለንደን ያለው ዌስትሚንስተር፣ ነገሥታቱ የሚነግሡበት፣ በ1540 ካቴድራል ሆኖ ነበር። በ1550 ሀገረ ስብከቱ ታጠፈ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማዕረጉም ሄደ። ዛሬ ካቴድራል አይደለም፤ ማንም ግን አሳንሶ አያየውም። የሊቨርፑሉ የቅዱስ ጴጥሮስ አጥቢያ የባሰበት ነው፤ መንበሩ ወደ አዲሱ ሲሄድ በ1922 ፈርሶ ከነአካቴው ጠፋ። ጊልፎርድ የሚባል ከተማ ደግሞ አለ። በ1927 ሀገረ ስብከት ሲሆን የቅድስት ሥላሴ አጥቢያ ለጊዜው ካቴድራል ሆኖ አገለገለ። አዲሱ ካቴድራል በ1961 ኮረብታው ላይ ተቀደሰ፣ መንበሩ ወጣ፣ አጥቢያውም ወደ አጥቢያነቱ ተመለሰ። 34 ዓመት ጳጳስ አስቀምጦ ሸኘ ማለት ነው።

የመርሳ ልጅ፣ ከሊድስ

መምህር፣ ኮቨንትሪን ረሷት። እሷም አጥቢያ ነበረች፤ በ1918 ካቴድራል ሆና በ1940 በአንድ ሌሊት ቦምብ ነደደች። ፍርስራሹን አላነሡትም። አዲሱን ጎኑ ላይ ሠርተው በ1962 መንበሩን አስገቡ። አሁን ሁለቱም ጎን ለጎን አሉ፤ በአሮጌው ገብተሽ ወደ አዲሱ ትሻገሪያለሽ።

ጡረተኛው መምህር፣ ወልድያ

አልረሳኋትም፣ ላንተ ትቼልህ ነው።

የሐርቡው ነጋዴ

የቧንቧ ውሃዋ እህቴ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ስንት እንደሚፈልግ ለክታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ባለ 32 ጌጅ አትግዙ፤ የደሴ በረዶ አይችለውም። ከኮምቦልቻ ባለ 28 በጅምላ አወጣላችኋለሁ፣ ትርፍ አልይዝባችሁም።

የቧንቧ ውሃዋ፣ ደሴ

አብሽር ወንድሜ! ነገ ጠዋት ሰብሳቢያችንን ይዤ እለካለሁ።